ከሦስተኛው የክራር ምት በኋላ

፩

ሳሉ የሚመጣው ክራሩ ካቆመ በኋላ ነው።

፪

ስለ ሙዚቃ ልጽፍ ተቀምጬ በሳል ጀመርኩ፤ ይቅርታ።

ላቀው እባላለሁ፤ የስፌት መኪና እጠግናለሁ። ኖታ አላነብም። ቅኝት የለየሁት በጆሮዬ፣ እየሳትኩ፣ በብዙ ዓመት ነው። ጥሩ ነገር ስሰማ ተመስገን እላለሁ፤ ከዚያ ደግሜ እሰማዋለሁ።

፫

ሙዚቃው ያለበትን ፊልም ከባለቤቴ ከትርንጎ ጋር አምስት ጊዜ አየነው። አንዲት ሴት ሐይቅ ዳር ቆማ ባሏን ትጠብቃለች። ጀልባው ይመጣል፤ ባሏ የለበትም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቫዮሊኑን ሁሉ ያስለቅሰው ነበር። ሙዚቃውን የደረሱት ጋሽ አሥራደ ግን ክራሯን ሦስት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ ያደርጉና እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ሰባት ሰከንድ።

ምንም።

፬

ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ወደ በሩ ይጋፋል። እኔ የጋሽ አሥራደ ስም እስኪወጣ ጠብቄ ብድግ እላለሁ።

«ወንጌል ሊነበብ ነው እንዴ?» ትለኛለች ትርንጎ።

«ዝም ብለሽ ቁሚ።»

እየሳቀችም ቢሆን ትቆም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ነጠላዋ ሥር ቴፕ ደብቀን ገባንና ሙዚቃውን በካሴት ቀዳነው። ሐሳቡ የእሷ ነው። የንስሐ አባቴ መጀመሪያ ገሠጹኝ፤ ቀጥለው «እስቲ ካሴቱን አምጣው» አሉ።

፭

ከትርንጎ የቀረኝ፦

አንድ ነጠላ።
ሁለት ፎቶግራፍ።
ካሴቱ ላይ፣ ከሦስተኛው ምት በኋላ፣ አንድ ሳል።

ድምፅዋ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም። ሰው ፊት ማሳል ደግሞ ታፍር ነበር። አፏን በነጠላዋ እንደያዘች ይሰማል።

፮

ባለፈው ወር በሬዲዮ ተነገረ። የሙዚቃው ዋና ቅጂ ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል፤ ጋሽ አሥራደ ሰማንያ ሞልቷቸዋል፤ ሥራው ሳይታተም እንዳይቀር የሰጉ ሰዎች ቅጂ ያለው ሰው ይፈልጋሉ።

ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ።

፯

ስቱዲዮ ውስጥ የተባለው። (ማሕደር ድምፅ የምታስተካክለው ልጅ ናት።)

ማሕደር፦ እዚች ጋ ሰው አስሏል። ላጥፋት?

ላቀው፦ እ...

አሥራደ፦ ማን ናት?

ላቀው፦ ባለቤቴ ነበረች።

አሥራደ፦ ነበረች?

ላቀው፦ ካረፈች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ።

አሥራደ፦ ነፍስ ይማር። መልሺው እስቲ፣ ማሕደር።

(ተመለሰ። ተሰማ።)

አሥራደ፦ ዳይሬክተሩ «እዚህ ጋ ሙዚቃ ረስተሃል» ብሎ ተጣልቶኝ ነበር። አልረሳሁም። ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው እንዲሰማ ብዬ ነው የተውኩት።

ላቀው፦ እኔም የሰማሁት እሱን ነው፣ ጋሼ።

ማሕደር፦ ለእርስዎ ከነሳሉ እገለብጥልዎታለሁ፣ አቶ ላቀው። ጥያቄው ለሕዝብ የሚወጣው ነው።

አሥራደ፦ ሙዚቃው የኔ ነው፤ ሳሉ የአንተ። አንተ ንገራት።

፰

ቢጠፋ፣ የሳቸው ዝምታ እንደሠሩት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የሳቸው ዕዳ አለብኝ፤ ያ ዝምታ ሃያ ዓመት ሙሉ አኑሮኛል። ቢቀር፣ ያቺን ዓይናፋር ሴት የማያውቋት ሁሉ በየቤታቸው ይሰሟታል።

ማሕደር ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ዞራ አየችኝ። ጋሽ አሥራደ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ካሴቱ ላይ ክራሩ ሦስት ጊዜ ተነካ።

ብድግ አልኩ።

ነገርኳት።

፱

ሙዚቃው ታትሞ እጃችሁ ሲገባ፣ ከሦስተኛው ምት በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጉት። ሰባት ሰከንድ ነው። አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢያስል አትቆጡት።

፲

(ሰባት ሰከንድ።)