ማናዬ ባለድርሻ አካል የሆነች ዕለት

ማናዬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አንዲት ሱቅ መጋረጃ ትሰፋለች። ማታ ማታና እሁድ ደግሞ ፑል ትጫወታለች። የሰፈሩ ፑል ቤት ውስጥ እሷን ያሸነፈ ወንድ ከተገኘ ወሬው ሳምንት ይዘልቃል። ውድድር ሲመጣ ግን ወንዶቹ ከሴት ጋር አይመደቡም። በሴቶች በኩል ያለችው ደግሞ ምስጢር ብቻ ናት። ምስጢር ሀና ማርያም የምትኖር የሂሳብ አስተማሪ ስትሆን፣ ከመምታቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና ማዕዘን ታሰላለች። ሁለቱ ባለፈው ዓመት ብቻ አርባ አንድ ጊዜ ገጥመዋል። አራቱ የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ግማሽ ፍጻሜ ግን ተጫውተው አያውቁም፤ ሰው የለማ።

አንድ ቀን ማናዬ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳት። «የሴቶች ፕሮፌሽናል ፑል ወቅታዊ ሁኔታና የወደፊት ዕጣ» በሚል ርዕስ ቅዳሜ ጠዋት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ዐውደ ጥናት ስለሚካሄድ፣ በባለድርሻ አካልነት እንድትገኝ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። በዕድሜዋ ብዙ ተብላለች፤ ባለድርሻ አካል ያላት ግን አልነበረም።

በስልኳ የምታያቸው የውጭ አገር ተጫዋቾች ሰደርያና ፓፒዮን ስለሚያደርጉ እሷም እንዲያ ለብሳ ለመሄድ ወሰነች። ወንድሟ ቴዎ የሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ የሥራ ልብሱን ተዋሰችው። የፑል ዱላዋንም ከተረፈ መጋረጃ በሰፋችው ረጅም ከረጢት ከታ ሄደች።

የአዳራሹ ጥበቃ ከረጢቱን ከፍቶ አየና ዱላ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ነገራት። የፑል ዱላ ነው ብትለው፣ የምንም ይሁን ዱላ ዱላ ነው ብሎ ከጃንጥላዎቹ ጋር አቆመውና ቁጥር ሰጣት።

ገና ወንበር ሳትይዝ አንዲት ሴትዮ ውሃ አምጪልኝ አለቻት። ማናዬ ውሃ የጠየቀ ሰው እምቢ ይባላል ብላ አታስብም፤ አመጣችላት። ከጎን ያሉት ሰውዬ ለስላሳ ጠየቁ። ከኋላ አንዱ ማኪያቶ አለ፣ ወተቱ በዛ ያለ። የአዳራሹ ሻይ አፍይ ዓለሚቱ አዲስ ረዳት የተላከላት መስሏት፣ እግዜር ይስጥሽ ብላ ትሪ አስያዘቻት። የመክፈቻ ንግግሩ ሲያልቅ ማናዬ ሃያ ሦስት ሰው አስተናግዳ ነበር። ፊት ወንበር ላይ በአበባ ቀሚስ ዘንጣ የተቀመጠችው ምስጢር ቀና ሳትል ስኳር ያልበዛበት ሻይ አዘዘች። ቀና ስትል ግን ሳቋን በሁለት እጇ ማፈን ነበረባት።

ከዚያ አጥኚው አቶ አባይነህ መድረክ ላይ ወጡ። ሰማንያ አራት ስላይድ ነበራቸው። የሴቶች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው ሲሉ ማናዬ ትሪዋን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። ባህሉ ይጫናል ሲሉም ነቀነቀች። ዘጠነኛው ስላይድ ላይ ግን ሰማያዊ ውሃና የላስቲክ ኮፍያ ያጠለቁ ሴቶች ብቅ አሉ። አቶ አባይነህ ስለ ክሎሪን፣ ስለ ሻወርና ስለ ሕይወት አድን ሠራተኞች እጥረት ማብራራት ጀመሩ። ሰውዬው ስድስት ወር ሙሉ ያጠኑት ስለ መዋኛ ገንዳ ነበር።

ማናዬ እጇን አወጣች። አቶ አባይነህ የመስተንግዶ ጉዳይ በሻይ ዕረፍት እንደሚታይ ነገሯት።

«እኔ ተጫዋች ነኝ» አለች። «የኛ ፑል ውሃ የለውም።»

አዳራሹ ከንፈሩን መጠጠላት። አቶ አባይነህ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሁላችንም ችግር ነው፣ እህቴ። የውሃ ፈረቃው ገጽ አርባ ላይ ተካቷል።»

ውሃው መጀመሪያም ኖሮ እንደማያውቅ ብትነግራቸው ሐዘናቸው ባሰ። ምስጢር ልታግዛት ተነሣችና ነገሩ ጠረጴዛ መሆኑን፣ አራት እግር፣ ከላይ ጨርቅ፣ ዳር ዳሩን ስድስት ቀዳዳ እንዳለው በአስተማሪ ድምፅ አስረዳች።

«ስድስት ቀዳዳ ካለውማ» አሉ አቶ አባይነህ፣ «ውሃ እንዴት ሊይዝ ይችላል?»

ማናዬ ትሪዋን አስቀምጣ ወጣች። ቁጥሯን ሰጥታ ዱላዋን ይዛ ስትመለስ፣ አቶ አባይነህ የጥልቀት መለኪያ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰውን ረጅሙን የስብሰባ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ አስነሥታ አጸዳችው። ለሻይ ዕረፍት የተዘጋጀውን ብርቱካን ደረደረች፤ አንድ ሎሚ ለነጯ ኳስ አደረገች። ስድስት ተሰብሳቢዎች የዐውደ ጥናቱን ቦርሳ ከፍተው ጠረጴዛው ዳር እንዲቆሙ አዘዘች። ሰዎቹም እሷን ለመታዘዝ አላመነቱም፤ ጠዋት በደንብ አስተናግዳቸዋለች።

የመጀመሪያው ብርቱካን ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ጭብጨባ ሆነ። ምስጢር ዓይኗን ጨፍና አስልታ ሳተች፤ ብርቱካን በትክክል ክብ አይደለም ብላ አማረረች። አቶ አባይነህ ኮታቸውን አውልቀው ልሞክር አሉ። ሎሚው ተፈናጥሮ መድረኩ ላይ የነበረ የውሃ ጠርሙስ ጣለ፤ ውሃው ላፕቶፓቸው ላይ ፈሰሰ፤ የቀሩት ሰባ አምስት ስላይዶች በዚያው ጠፉ። ከኋላ አንድ ሰው፣ አሁን ፑል ሆነ አለ።

የፈሰሰውን ውሃ ልትወለውል የመጣችው ዓለሚቱ፣ እኔም አንዴ ልምታ ብላ ዱላውን ተቀበለች። ሳታጎነብስና ብዙም ሳታስብ ሦስት ብርቱካን አከታትላ አስገባች። ሰዎቹ ከበቧት። የት ተማርሽ ሲሏት፣ ሻይ የሞላ ብርጭቆ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ እያንሸራተተች ስታድል ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑን፣ ጠብታ ፈስሶባት እንደማያውቅ ተናገረች።

ቃለ ጉባኤው ጥናቱ እንዲሻሻልና ኮሚቴ እንዲዋቀር ይላል። ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም። ደግነቱ አቶ አባይነህ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ በሳምንቱ እሁድ ጀሞ ድረስ መጥተው ፑል ቤቱ ጥግ ላይ ቆመው እያዩ ማስታወሻ ያዙ። ዓለሚቱም በነጠላ ጫማ መጣች። መጀመሪያ ማናዬን ገጥማ አሸነፈቻት፤ ከዚያ ወደ ምስጢር ዞረች።

ማናዬ የግድግዳው አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። በሴቶች ጨዋታ ተቀምጣ ተራ ስትጠብቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበርና እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ሽንፈቱ ቢያናድዳትም ደስ ብሏታል፤ አርባ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ላይ አፍጥጣ፣ ዛሬ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን የማታውቀው ጨዋታ እያየች ነው። ምስጢር ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት አለፈ።

«ቶሎ ምቺ እንጂ» አለች ማናዬ። «ተረኛ አለን እኮ።»