የእትዬ ጌኖቬፋ ቀይ መብራት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሎፒኖቭካ መንደር ሹም ሴቬሪን ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እትዬ ጌኖቬፋ ዛሬ ልክ በስድስት ሰዓት፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠራው ማሽናቸው አንሶላ እንደሚያጥቡ ለሕዝቡ አስታወቁ። መንደሩ ለምስክርነት ተጠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ ጌኖቬፋ ኢንቨርተር፣ የጣሪያቸውን የፀሐይ ኃይል ወደ መንደሩ መስመር የሚያስገባው ሳጥን፣ ቀትር ላይ ራሱን ያጠፋል። የመብራት ኩባንያው ደግሞ "ጥፋቱ የእርስዎ ነው" ብሏቸዋል።

የአሥራ አንዱንም ቤት ሶላር የሰቀለው ሌሼክ ከሰው ኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል። የፖላንድ ሕግ የመስመሩ ቮልቴጅ ከ253 ቮልት ሲያልፍ ሁሉም ሳጥን ይጥፋ ይላል። አሥሩ ቤቶች ግን ተራ በተራ በጓሮ በር መጥተው፣ "ለእኔ ብቻ፤ ለማንም እንዳትናገር" እያሉ የሳጥናቸውን የመጥፊያ ልክ አስጨምረውታል። አንዱ ቋሊማ፣ አንዱ እንጉዳይ፣ ቄሱ ማር ይዘው። አሥሩ ሳይጠፉ መስመሩን ሲያጨናንቁት ቮልቴጁ ከ253 ያልፍና፣ ሕግ የጠበቀው የእትዬ ጌኖቬፋ ሳጥን ብቻውን ይጠፋል።

ሳጥን ሲጠፋ የባለቤቱ ስልክ ይጮኻል። እትዬ ጌኖቬፋ እንዲህ ያለ ስልክ ስለሌላቸው የእርሳቸው ደወል የሚጮኸው በሌሼክ ኪስ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ፣ ምሳው ላይ።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም በእትዬ ጌኖቬፋ ግቢ ውስጥ ሳጥኑን ከብበው ሳለ፣ የሌሼክ ኪስ ጮኸ። የሳጥኑ መብራት ቀላ።

"አያችሁ!" አሉ ሹሙ። "ኩባንያው እኮ ደማችንን መጠጠን!"

"የእናንተም እንዲህ ይጠፋል?" አሉ እትዬ ጌኖቬፋ።

"ምን እሱ ብቻ! የእኔማ ይኼኔ ድሮ ጠፍቷል" አሉ ሹሙ።

"የእኔም!" አለ አንዱ ከኋላ።

"የደብሩም" አሉ ቄሱ፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ።

"እኔስ ለዚህ ሳጥን ብዬ የሸጥኳት ላም እርግማን መስሎኝ ነበር" አሉ እትዬ ጌኖቬፋ። አንድ ቁራሽ የቼሪ ኬክ ለሌሼክ አቀበሉት። "ልጄ፣ በቃ ሳጥኑን ነገ አውርድልኝ። በከንቱ አመላለስኩህ። በል ብላ።"

ሌሼክ ኬኩን ጎረሰ። ጉንጩን እንደሞላ ስልኩን አወጣ። የአሥሩንም ቤት ሳጥን ከዚያው ማዘዝ ይችላል። አንድ በአንድ ወደ 253 መለሳቸው።

"ምን ትነካካለህ አንተ? አይጥምም እንዴ?" አሉ ሹሙ።

"ይጥማል፣ ጋሼ።"

የመጀመሪያው ደወል ከሹሙ ኮት ውስጥ ጮኸ። ሁለተኛው ከቄሱ ቀሚስ ሥር። ከዚያ በየኪሱ ሆነ። ስልኩን ያወጣ አንድም ሰው አልነበረም።

አሥረኛው ጮኾ ሲያበቃ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መብራት አረንጓዴ ሆነ።