አዋሳኞቹን የጠየቁት ጋሼ አትናቴዎስ

ኮከቤ የ2006ን መኸር የጊሼን ደጋ ገበሬዎች የማሳ መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ ከረመች። የወረዳው የመሬት መሥሪያ ቤት ሁለት ኮምፒውተር ነበረው፤ በአንደኛው የጻፈችውን ሁሉ ሁለተኛው እየተከተለ ይገለብጣል። ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ያቃስት ጀመርና ተደምስሶ በማግስቱ ለጥገና እንዲላክ ታዘዘ። ከዚያ ወዲያ የይዞታ ደብተር የሚታተመው ከቅጂው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ የሁለቱንም ማሳዎች ቆጥሬያለሁ። እዚህም አራት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፣ እዚያም እንደዚያው» አለች።

ጋሼ አትናቴዎስ በዚያው መሥሪያ ቤት ወሰን ሲለኩ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ ኮምፒውተሩንም መመሪያ እያነበቡ ለብቻቸው ነው የለመዱት።

«በግም ማታ በረት ሲገባ ይቆጠራል» አሉ። «ቁጥሩ ሞልቶ የሰው በግ የገባ እንደሆነስ?»

«እና ሁሉንም በዓይኔ ላመሳክር ነው? ሳልጨርስ ጡረታ እወጣለሁ።»

«መሬት ስንለካ ማንን ነው የምንጠይቀው?»

«አዋሳኙን።»

«ስለ ቅጂውም አዋሳኙን እንጠይቀዋ።»

እያንዳንዱ ማሳ በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ተጽፎበታል። የገበሬው የወልደ ጻድቅ ማሳ «በምሥራቅ ጌታነሽ» ካለ፣ የምሥራቁ ማሳ የጌታነሽ መሆን አለበት። ኮከቤ ኮምፒውተሩ የቅጂውን ማሳ ሁሉ እንዲህ እንዲያገናኝ ትእዛዝ ጻፈች። ዘጠኝ ማሳዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጣሉ።

አንደኛው የእትዬ ጌታነሽ የገብስ ማሳ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም ዓምደ ሚካኤል መሬቱን ይገባኛል ብሎ ከስሷቸዋል። ቅጂው ማሳውን በዓምደ ሚካኤል ስም ይዞታል። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ግን ጌታነሽ ይላል። ኮከቤ የገቡበትን ቀን ፈለገች። ዘጠኙም የገቡት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግልበጣው መሃል ላይ መብራት በጠፋበት ቀን ነው፤ ቅጂው የባለቤቶቹን ስም በአንድ መስመር አዛንፎ ይዞታል።

«ሳናየው ነገ ብንደመስሰው ኖሮ፣ ጋሼ...»

«አልደመሰስነውም። ተነሽ፣ እንደ አዲስ እናስገልብጠው።»

አስገለበጡት። ደግመው አዋሳኞቹን ጠየቁ፤ አንድም የተጣላ አልተገኘም።

እትዬ ጌታነሽ ጥር ላይ መጥተው ደብተራቸውን ወሰዱ። ፎቶው አስረጅቶኛል ብለው አጉረመረሙና ምንም ሳያውቁ ሄዱ። ጋሼም ቀጣዩን ደብተር ማተም ቀጠሉ።

በሁለተኛው ዓመት ጋሼ አትናቴዎስ አረፉ። ለቀብር ከመጣው ሕዝብ መሃል እትዬ ጌታነሽ ነበሩ፤ ኮከቤ አጠገብ ቆመው ሲያለቅሱ ቆዩና ጠየቋት።

«ሰውዬውን በቅጡ አላውቃቸውም ነበር። ምን ይሠሩ ነበር፣ ልጄ?»

ኮከቤ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ቅጂውን፣ የጠፋውን መብራት፣ የዓምደ ሚካኤልን ስም። 

«አርባቸው መቼ ነው?» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

«ግንቦት ሃያ ሁለት።»

«ለቤተ ሰቡ ንገሪልኝ። የጠላው ገብስ ከዚያ ማሳ ነው የሚመጣው።»