በሐዲድ የተመለሰ ብድር

በዚያ ዓመት በአንዲት ትንሽ አገር ዝናብ አልጣለም። ጉድጓድ ደረቀ፣ ከብት አለቀ። ትልቁ ጎረቤት አገር «አይዟችሁ፣ ስንዴ በባቡር ልኬያለሁ» አለ። የእህል ባቡር ሳይፈተሽ እስከ ከተማው መሃል ይለፍ የሚል የቆየ ደንብ ነበር። በጣቢያው ባቡሮችን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚያሻግረው ሐዲድ አዟሪ እንደ ልማዱ መንገዱን ከፈተ። ከፉርጎው የወረደው ግን ወታደር ነው። ሐዲድ አዟሪውን እዚያው ማዞሪያው ብረት አጠገብ ደፉት።

መንግሥት የኃያላኑን ደጅ ጠና። ያገኘው የሐዘን መግለጫ ብቻ ነበር። ጎረቤትየው ማዕድኑን ግጦ፣ ሲጠግብ ወጣ። ትንሿ አገር ከዚያ በኋላ ሳትውል ሳታድር ከሌሎች አገሮች ጋር የጦር ቃል ኪዳን ገባች፤ አንዱ ሲነካ ሁሉም ሊነሣ።

የሟቹን ሥራ ሚስቱ ያዘች። እጇ ሻከረ፤ ሆዷ ቂም ቋጠረ።

ዘንድሮ ያው ጎረቤት ከቃል ኪዳኑ አገሮች ሌላ ትንሽ አገር ወረረ። የቃል ኪዳኑ ጦር ሊያስወጣው በእሷ ሐዲድ በኩል መጣ። በፊተኛው ባቡር ላይ አንድ ልጇ አለ።

የጣቢያው አለቃ ስልኩን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ከጎረቤት አገር ደወሉ። ጦሩን ካሳለፋችሁ አንምራችሁም ነው የሚሉት። ለጊዜው ወደ ዳሩ ሐዲድ ያስገቡትና ይቁም።»

«የበላዮችህስ?»

«ይለፍ ብለዋል። እነሱማ ምን አለባቸው! ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፣ እትዬ።»

«ሣሩ ዝም ብሎ ቢተኛስ መች ተረፈ? ያኔ ከማን ጋር ተጣልተን ነበር?»

«ልጅዎም እኮ እዚያ ላይ ነው!»

«ይሂድ። አባቱ የቀረው ደራሽ አጥተን ነው። የእነሱም ሚስቶች ጥቁር ይልበሱ፤ ጥቁር ጨርቅ እኛ ዘንድ ብቻ አይሸጥም።»

አለቃው ብረቱን ሊይዝ እጁን ሰደደ።

«እጅህን!» አለችው። ሰበሰበ።

ብረቱን ሳበችው። ሐዲዱ ገጠመ። ባቡሩ መድፍና ታንኩን ተሸክሞ መሬቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ልጇ በመስኮት ብቅ ብሎ «እማዬ!» አለ። እሷ ብረቱን አልለቀቀችም፤ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ሳምንት ሳይሞላ ሬዲዮው ተናገረ። የጎረቤቱ ጦር መሣሪያውን እየጣለ ፈርጥጧል፤ ሬሳውን እንኳ አላነሣም። የልጇ ወሬ ገና አልመጣም።

«እንኳን ደስ አለዎት ልበል ወይስ...» አለ አለቃው።

«ዝም በል፣ ልስማበት።»

የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጋ ሙታናቸው ተቆጥረው እስኪያልቁ ሰማች። ከዚያ ባሏ ፊቷ የቆመ ይመስል፣

«አንተ ሰውዬ፣ ብድርህን መልሻለሁ» አለች።