ሽቦው ይበቃል ያለው ማን ነው

ሙሐሲን ካዛንቺስ ውስጥ የመስታወት ሱቅ ነበረው። ሠራተኛ ቢኖረውም ትልልቁን መስታወት ለሌላ ሰው አያስነካም፤ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ነው የሚገጥመው። የቀላል ባቡሩ ግንባታ ከተማውን ባተራመሰበት ዓመት ልቡን ያዘውና ሆስፒታል ገባ። ዶክተር መብራህቱ በክንዱ የደም ሥር በኩል ገብተው የተዘጋውን የልቡን ቧንቧ ከፈቱለት፤ መልሶ እንዳይጠብም ስቴንት አስቀመጡበት። ስቴንት ማለት እንደ ወንፊት የተሠራች፣ መድኃኒት የተቀባች ትንሽ የሽቦ ቱቦ ናት።

ሲወጣ ዶክተሩ ሚስቱን አዚዛንም አስጠርተው ለሁለቱም ነገሯቸው።

«እነዚህን ሁለት ክኒኖች አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። ጥርስ ሊነቀሉ ቢሄዱ እንኳ መጀመሪያ ለኔ ይደውሉ።»

አዚዛ ቃሉን እንደ አደራ ያዘችው። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ከውሃ ጋር ታቀርብለታለች። በኋላ ግን ሙሐሲን «ባዶ ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ሱቅ ቁርስ ስበላ እውጠዋለሁ» ብሎ ይዞት መሄድ ጀመረ። አመነችው። ባሏ ነው፤ ለምን አታምነው?

አንድ ጠዋት ከጎኑ ያለው ሱቅ ባለቤት ደወለላት። ሙሐሲን ደረቱን ይዞ ወድቋል። ቂርቆስ ካለው ቤታቸው ካዛንቺስ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ታክሲ ውስጥ አስገብተውት ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሄድ፣ መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው ሁሉ ተፋጥጦ ቆሟል። ሹፌሩ ክላክሱን ቢያስጮህ የሚያሳልፈው የለም። የሙሐሲን ፊት አመድ መስሏል፤ ላቡ ቀሚሷን አረጠበው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር መብራህቱ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር።

«ክኒኑን ይወስዱ ነበር?»

ሙሐሲን ዓይኑን ከአዚዛ አሸሸ። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ ካቆምኩ። ወንድሜ ሸምሰዲን... ሽቦው ራሱ መድኃኒት አለው፣ እሱ ይበቃሃል አለኝ።»

እየገፉ አስገቡት። አዚዛ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች።

ሸምሰዲን የሙሐሲን ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤተሰቡ አባት እሳቸው ናቸው፤ አዚዛም ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም። ያን ቀን ከወሎ ሰፈር እያለከለኩ ሲደርሱ ግን ሰላምታቸውን እንኳ አልጠበቀችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ መቼ ነው ሐኪም የሆኑት?»

«ምን ሆነሻል አዚዛ? ሙሐሲን እንዴት ነው?»

«ሽቦው ይበቃል ያሉት እርስዎ አይደሉም? ወንድምዎን ገድለው ነው እንዴት ነው የሚሉኝ? ልጆቼን የሚያሳድጉልኝ እርስዎ ነዎት? ይሂዱልኝ። ዓይንዎን ማየት አልፈልግም።»

ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው አስታማሚ ሁሉ ዞሮ አየ። ሸምሰዲን ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ደረጃውን ወርደው ሄዱ።

ዶክተሩ ሲወጡ ፊታቸው ደክሟል። «ተርፏል» አሉ። «ግን ከልቡ ጡንቻ የተጎዳ አለ። እንደ ድሮው አይሆንም።»

«ስቴንቱ መድኃኒት አለው አላላችሁም?»

«አለው። እሱ ቧንቧው ሥጋ አብቅሎ መልሶ እንዳይጠብ ነው። ሽቦውን የራሱ ገላ እስኪሸፍነው ድረስ ግን ደም እንደ ባዕድ ያየዋል፤ ላዩ ላይ ይረጋበታል። ያንን የሚከለክለው ክኒኑ ነው። ሲያቆም ደሙ ረግቶ ስቴንቱን ደፈነው።»

በማግስቱ ሙሐሲን ትንሽ ምግብ ቀመሰ። አዚዛ ሾርባውን በማንኪያ እየሰጠችው፣ «ያን ወንድምህን አባርሬዋለሁ» አለችው። «ከእንግዲህ ቤቴን አይረግጣትም።»

ሙሐሲን ማንኪያውን በእጁ ገፋ አደረገው።

«እሱ አይደለም» አለ። «እሱማ በየቀኑ እየደወለ፣ ዋጥክ ወይ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር። እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

«ምን?»

«ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ መስታወት እጄን ጫር ባደረገኝ ቁጥር ደሙ አልቆም ይለኛል። አንድ ቀን ለሙሽሮች የተዘጋጀ የቁም ሳጥን መስታወት ላይ ፈሰሰ። ደንበኞቼ እያዩኝ... በቃ፣ አፈርኩ። ዶክተሩ ሲጠይቀኝ ደግሞ ካንቺ ፊት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።»

አዚዛ ሳህኑን አስቀመጠች። የታመመ ሰው ላይ መጮህ ነውር ባይሆን ኖሮ ያ ሆስፒታል ይሰማት ነበር። «ለጥቂት ደም አፍረህ እኔን መበለት ልታደርገኝ ነበር» አለችው ዝግ ባለ ድምፅ። «ደግሞ ወንድምህን በኔ አፍ አሰደብከው።» ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ወሎ ሰፈር ስትደርስ ሸምሰዲን ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት ተነሡ። አዚዛ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

«ለምን ዝም አሉኝ ጋሼ?»

«እሱ እዚያ ተኝቶ፣ ባልሽ ውሸታም ነው ልበልሽ? ይሙት ይዳን ሳናውቅ?»

ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ይህን ስትሰማ ግን ንዴቷ እንደገና ተነሣባት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳድቤያለሁ። ግን እርስዎም አጥፍተዋል። በየቀኑ የሚደውሉት ጠርጥረው አይደል? ለኔ አንድ ቀን ቢደውሉ ምን ነበረበት? የሱን ክብር እርስዎ ይጠብቃሉ፣ የሱን ጉድ እሱ ይደብቃል። ሲወድቅ የምትሸከመው ግን አዚዛ ናት።»

ሸምሰዲን መሬት መሬት አዩ። «ልክ ነሽ» አሉ። «መጠርጠሩን ጠርጥሬ ነበር።»

ሙሐሲን ከሆስፒታል በወጣ ሳምንት አዚዛ ሸምሰዲንን ምሳ ጠራቻቸው። ልጆቹ፣ የሙሐሲን እህት ሪሐና፣ ሁሉም ባሉበት ባሏን «ተናገር» አለችው። ሙሐሲን አንገቱን ደፍቶ፣ የወንድሙን ስም አንሥቶ መዋሸቱን ተናገረ። ሸምሰዲን ግንባሩን ሳሙት፤ ሪሐና አለቀሰች። ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ምግቡ እጁን ዘረጋ።

አዚዛ አልበላችም። ይቅር ብላዋለች ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ ቢጠይቋትም «ገና ነው» ትል ነበር። የክኒኑን ብልቃጥ ከመሶቡ አጠገብ አስቀምጣ፣ ሙሐሲን አውጥቶ እስኪውጥ ድረስ ፊቱ ቆማ ጠበቀች።