የጥርስ ዋጋ በፎጣ ሥር

ሙሐመድአሚን ቀኝ እጁን በትከሻው ፎጣ ሸፍኖ ለጥርስ ሐኪሙ ዘረጋ። ዶክተር እንዳሻው ግራ ቢገባውም እጁን ከፎጣው ሥር አስገባ። ሙሐመድአሚን የሐኪሙን ሁለት ጣቶች ጠበቅ አድርጎ ያዘና ዐይን ዐይኑን አየው።

ሐኪሙ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእጁን አንጓ ፈልጎ ይዞ የልብ ምቱን ይቆጥር ጀመር።

"ልብዎ ደህና ነው ጋሼ፤ ምንም አይፍሩ" አለ።

ልጁ ሳጂዳ ሳቋ አመለጣት። አባቷ የጭሮ የከብት ገበያ ደላላ ነው። እዚያ ዋጋ በአደባባይ አይጮህም፤ ሻጭና ገዢ በጨርቅ ሥር ተጨባብጠው በጣት ይነጋገራሉ። ዙሪያውን የከበበ ሰው አንገቱን ቢያሰግግ ከሁለት ኮስታራ ፊት በቀር የሚያየው የለም። ሐኪሙ ገና አሁን አምስት ሺህ ብር ብሎ ነበርና፣ ሁለት ጣት መያዙ "በሁለት ሺህ እንጨርስ" ማለቱ ነው።

ጥርሱ ካሠቃየው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መንጋጋው አብጦ ሦስት ገበያ አምልጦታል። ሳጂዳ አዲስ አበባ ጫማ መደብር ስለምትሠራ ክሊኒክ ጠይቃ ዋጋውን በስልክ ነገረችው። ችግሩ ያን ዋጋ ጭሮ በሙሉ መስማቱ ነው። አውቶቡስ ሲሳፈር የሥራ ጓደኛው ጀምበሩ "አምስቱን ሁለት ሳታደርገው እንዳትመለስ!" ብሎ ጮኸ። ሙሐመድአሚንም፣ በሕይወቱ ለክብሪት እንኳ መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ከፍሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ "ከሁለት ካለፈ ድለላ ትቼ ያንተን ፍየሎች አግዳለሁ!" ብሎ ፎከረ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

"አባዬ፣ ይኼ እኮ የከብት ገበያ አይደለም!" አለች ሳጂዳ።

"ዝም በይ ልጄ፣ ኢንተለ ኮ" አለ አፉን በቅጡ ሳይከፍት። "ያልተከራከሩበት ዋጋ ዋጋ ነው? መናኸሪያው ጀርባ አንዱ በአንድ ሺህ እነቅልልሃለሁ ብሎኛል።"

"በምን? በጉጠት?"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!"

ሳጂዳ የጣቱን ነገር ለሐኪሙ አስረዳችው። ዶክተር እንዳሻው የአፍ መሸፈኛውን አውልቆ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ቀረበና ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለው።

"እንዲያ ከሆነማ በወጉ እንገበያይ። መጀመሪያ ግን ከብቱን ይዩት። ይህ የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስዎ ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ተጋድሞ ጎረቤቱን እየገፋ ነው። ከሥሩ ያለችውን ቀጭን መስመር አዩዋት? ነርቭ ናት። በግድየለሽ እጅ ከተጎዳች ከንፈርዎ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል።"

ሙሐመድአሚን ከንፈሩን ዳሰሰ። ያ አላህ! ከንፈሩ የደነዘዘ ደላላ ማን ይሰማዋል?

ሐኪሙ እጁን ወደ ፎጣው ሥር መለሰ። "ይኼ ጣት ለራጁ ነው" አለ እያስጨበጠው። "ይኼኛው ለማደንዘዣውና ለመሣሪያው። ይኼ ድዱን ከፍቼ፣ ጥርሱን ቆራርጬ አውጥቼ ለምሰፋው። ይኼ ደግሞ ሳምንት ሲመለሱ ቁስሉን ለማይልዎ፤ ቢያብጥብዎም በማንኛውም ሰዓት ለማነሳው ስልክ።"

አራት ሆነ። አውራ ጣቱ ቀረች። ሙሐመድአሚን ያገኘ መስሎት ዘሎ ያዛት።

"ይቺስ? ይቺን እንኳ እንተዋት!"

"እሷማ የእውቀቴ ናት። የቱ ጋ እንደምቆርጥና የቱ ጋ እንደማልነካ ለማወቄ።"

ሙሐመድአሚን ይህን ቃል ያውቀዋል። ባለፈው ወር አንድ የቦርደዴ ገበሬ በሬው ከተሸጠለት በኋላ "ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ? የሰው እጅ ጨበጥህ እንጂ!" ብሎት ነበር። እሱም "እኔ ባልጨብጥ በሬህን በግማሽ ዋጋ ነበር የምትሰጠው! የምትከፍለኝ ለማወቄ ነው!" ብሎ ገበያውን አናውጦት ነበር። ይኸው የገዛ ቃሉ በሌላ ሰው አፍ ዞሮ መጣበት። አፈረ። ደስም አለው፤ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር እጅ መጨባበጥ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። መንጋጋው እየጠዘጠዘውም ሳቀ።

አምስቱንም ጣት አንድ ላይ ጨበጠ፤ ከዚያ ፎጣውን ገልጦ የሐኪሙን መዳፍ ጷ አድርጎ መታ። በጭሮ ይህ ከሆነ በኋላ መመለስ የለም።

"ቢስሚላህ! ንቀለው።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ አፉ በጥጥ ተሞልቶ፣ ጥርሱን በትንሽ ብልቃጥ ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሕመሙ የለም። ተገላገለ። የሳጂዳ ስልክ ጮኸ፤ ጀምበሩ ነው።

"እህ፣ በስንት አወረደው?" አለ። ከኋላው የሰው ሁካታና የበግ ጩኸት ይሰማል። "ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው!"

ሳጂዳ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። "ሁለት ሺህ ልበለው?" አለች በሹክሹክታ። "ማን ያውቃል?"

ሙሐመድአሚን ትንሽ አሰበ። ማንም አያውቅም፤ እውነቷን ነው። ፎጣውን ከትከሻው አወረደና የልጁን እጅ ሸፈነ። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ያዘ፤ እዚያ ላይ ቆም አለ። ሳጂዳ ጠበቀች። ሦስተኛውን ያዘ፣ አራተኛውን። በመጨረሻ አውራ ጣቷን ከሁሉም አጥብቆ ያዛት።

"አምስት ሺህ" አለች ሳጂዳ ስልኩ ላይ። "የተጠራውን ከፈለ።"

"ማን? ሙሐመድአሚን?" ጀምበሩ ጮኸ። ከኋላው የነበረው ሁካታ ወደ ሳቅ ተለወጠ።

ሙሐመድአሚን እንዳይናገር ተነግሮታል። ቢሆንም ስልኩን ተቀብሎ በጥጡ መሃል አጉተመተመ፦

"ፍየሎቹን... አዘጋጅ።"