የዶክተር አስማረ ክንድ

ሰልማ ዐብዱልከሪም ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበውና ደንበኛ ሲጠፋ፣ ላፕቶፗን ከመደርደሪያው ጀርባ ትከፍትና በጎ ፈቃደኞች ተባብረው ለሚያዘጋጁት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ትጽፋለች። ስለ ወባ ጽፋለች፤ ስለ ኮሶም ጽፋለች። በ2006 ክረምት ደግሞ ስለ ዶክተር አስማረ በላቸው ጀመረች።

ዶክተር አስማረ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከዳባት በላይ ባለው ደጋ ትንሽ የምርምር ጣቢያ ከፍቶ የግርሻን በሽታ ያጠና ሰው ነው። ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። ሐኪሙ ቅማል ከሰው ገላ ከወጣ በኋላ በልብስ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይና በምን ያህል ሙቀት እንደሚሞት ማወቅ ፈለገ። ለዚህ በሽታ የሌለባቸውን ንጹሕ ቅማሎች ማርባት ነበረበት፤ ቅማል ደግሞ ያለ ሰው ደም አይኖርም። ስለዚህ በገዛ ክንዱ መገባቸው ይባላል።

ሰልማ ይህን ታሪክ የሰማችው ከሐኪሙ ልጅ ነው። እስከዳር አስማረ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህሯ ነበረች። አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ «አባቴ እዚህ ጋ ነበር የሚያበላቸው» አለች። ሰልማ መድኃኒት ማጥናት የፈለገችው ያን ቀን ነው።

ጽሑፉን በምትጽፍባቸው ሳምንታት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ስታሸልብ፣ ሐኪሙ በሕልሟ ይመጣ ነበር። ጉም በሸፈነው ካብ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ። ስትጠራው አይዞርም። ስትነቃ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት በዝናብ ጭጋግ ታፍኗል፤ ነቅታ ይሁን ገና ተኝታ ለጊዜው አይለይላትም።

ሲያልቅ ለላቀው ላከችለት። ላቀው መልኩን አይታ የማታውቀው፣ አዲስ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ምንጮቹን የሚመረምር ሌላ በጎ ፈቃደኛ ነው። መልሱ በማግሥቱ መጣ።

«ስድስት ምንጭ ጠቅሰሻል። አምስቱ ጋዜጦች ናቸው፤ አራቱ ከመጀመሪያው የተቀዱ ናቸው፣ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አንድ ነው። ስድስተኛው የጥናቱ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን በዓይንሽ አይተሽዋል?»

አላየችውም። ቅዳሜ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ሠራተኛው ሪፖርቱን፣ በሲባጎ የታሰረ ጥራዝ፣ ከጓዳ አመጣላት። በመካከሉ በእጅ የተሞላ ሠንጠረዥ ነበር፤ ቀኑ፣ የቅማሎቹ ብዛት፣ በመጨረሻም «መጋቢ» የሚል ዓምድ። በዓምዱ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው ያው ነው፤ አ. በ.፣ አ. በ.፣ አ. በ.። አስማረ በላቸው። ሰልማ ደስ አላት፤ ፎቶ አነሣችው።

ከዚያ ቀኖቹን አየች። ሠንጠረዡ በሐምሌና በነሐሴ 1965 አንድም ቀን አልዘለለም። የመጀመሪያውን ጋዜጣ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋች። ሐኪሙ በ1965 ሐምሌ መባቻ ለትምህርት ካይሮ ሄዶ የተመለሰው በጳጉሜን ነው ይላል። ክንዱ ዳባት፣ እሱ ካይሮ እንዴት ይሆናል?

ጥራዙን ገጽ በገጽ ፈተሸችው። መጨረሻው ላይ፣ ምስጋናው ዘንድ፣ ሐኪሙ አለቆቹን ካመሰገነ በኋላ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጨምሯል፤ «ከሁሉም በላይ የጣቢያውን ሠራተኛ አባይነሽ በሪሁንን።»

አ. በ.።

ሰልማ በዚያው ወደ እስከዳር ቤት ሄደች። እስከዳር ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ መነጽሯን አወለቀች።

«የአባቴን የክንድ ጠባሳ በጣቴ ዳብሼዋለሁ» አለች። «ልጅ ሆኜ ክንዱን ተንተርሼ ነው የምተኛው። በቀብሩ ዕለት እንኳ ተነግሯል።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ልትሰርዢው ፈቃድ ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«የለም። ሳልነግርዎ መሰረዙ ከብዶኝ ነው።»

እስከዳር ተነሥታ የመውጫውን በር ከፈተችላት። ሰልማ አስቀየምኋት ብላ ሌሊቱን ከፍቷት አደረች። ጠዋት ግን ስልኳ ጮኸ።

«ሴትዮዋ በሕይወት ካለች» አለች እስከዳር፣ «ከራሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።»

በሚኒባስ ዳባት ደረሱ፤ ከዚያ ጣቢያው ወደ ነበረበት ደጋ በእግር ወጡ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። አጥሩም፣ ዛፉም፣ ከብቱም ከነጭ ነገር ውስጥ ብቅ እያለ ተመልሶ ይጠፋል። የበግ ድምፅ ይሰማል፤ በጎቹ ግን የሉም። ሰልማ እየተራመደች መሆኗን የምታውቀው ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሲሰጥም ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው ብቅ አሉ።

«አያ፣ የአባይነሽ በሪሁን ቤት በየት ነው?»

«የጣቢያዋ አባይነሽ? ያውላችሁ፣ ጢሱን ተከተሉ» ብለው ተመልሰው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

አባይነሽ ስልሳውን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ደጃፏ ላይ ገብስ እየለቀመች ነበር። እስከዳር የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግራት ሰፌዱን አስቀመጠችና የእስከዳርን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃን አዞረችው።

«የአያ ሐኪም ግንባር!» አለች። «ምነው እስከ ዛሬ ቆየሽ?»

ሰልማ ሠንጠረዡን በስልኳ አሳየቻት። አባይነሽ ፊደል አታውቅም፤ ሰልማ አነበበችላት።

«እኔ ነኝ እንጂ» አለች፣ ሌላ መልስ ሊኖር ይችላል ብላ ሳታስብ።

እስከዳር ቀስ ብላ ጠየቀች፤ «አባቴስ? ክንዱ ላይ ጠባሳ ነበረው።»

«እሱማ ቀድሞ ሞክሮ ነው! ሦስት ቀን መገባቸው። በሦስተኛው ክንዱ እንደ ጎመን ድስት ገነፈለ፤ ገላው እንቢ አለው። እያከከ ቆሰለ፣ ቁስሉም አመረቀዘ። ቅማሎቹ ሊያልቁ ሲሉ ‹የኔን ስጣቸው› አልሁት። ‹አይሆንም፣ አንቺን አላስነክስም› ብሎ ተቆጣ። ሦስት ቀን ለመንሁት።»

«ለምን ለመኑት?» አለች ሰልማ።

አባይነሽ ገብሱን በመዳፏ ዳበሰችው። «ያ ትኩሳት ወንድሜን ነው የበላብኝ። ሁለት ጊዜ ለቀቀው፤ በሦስተኛው ወሰደው። ቅማል መሆኑን አላወቅንም፤ የሰው ዓይን መስሎን ነበር። ሐኪሙ ቅማሏን በማጉያ መስታወት ሲያሳየኝ ‹ምስጢርሽን ሳላወጣ አልለቅሽም› አልኋት።»

አፉ በቁስል ሻሽ የተሸፈነ፣ ቅማሎቹን የያዘ ትንሽ ሙዳይ ክንዷ ላይ ይታሰርላት ነበር፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት። ሐኪሙ ካይሮ ሲሄድ ሥራውን ለእሷና መዝገቡን ለሚይዘው የጣቢያው ጸሐፊ ትቶ ሄደ።

«መጀመሪያ ክንዴን ይበላኛል። ከዚያ ሸጋ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል» አለች። «ወንድሜ ወንዝ ዳር ቆሞ ጋቢውን ሲያጥብ አያለሁ። ውኃው ይፈላል፣ እጁ ግን አይቃጠልም። ‹ይኸው ነጣልኝ› ይለኛል። ጸሐፊው ሙዳዩን ሲፈታልኝ እነቃለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ኋላ ልብሱን በርሜል ውስጥ በእንፋሎት መቀቀል ሲጀመር በዚህ አገር ትኩሳቱ ቀለለ።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም፤ ፀሐይ ያጠቆረው የገበሬ ክንድ ብቻ። እስከዳር ጎንበስ ብላ ሳመችው።

ሰልማ ለላቀው ሁሉንም ጻፈችለት። «አምንሻለሁ» ብሎ መለሰ። «ነገር ግን የቃል ምስክርነት ብቻውን ምንጭ አይሆነንም።» ስለዚህ «በገዛ ክንዱ» የሚለውን ሰርዛ፣ «በሠንጠረዡ መጋቢው ‹አ. በ.› ተብሎ ተመዝግቧል» ብላ ተወችው። ያን ዓረፍተ ነገር ከመሰረዟ በፊት አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችው፤ ወደ ሙያዋ ያመጣት እሱ ነበርና።

እስከዳር ግን አላረፈችም። የአባቷን ሳጥን ገልብጣ ከካይሮ ለጣቢያው ጸሐፊ የላከውን ደብዳቤ አገኘች፤ «የአባይነሽን ሙቀት በየጠዋቱ ለካ። ጥቂት ካተኮሳት መመገቡን በዚያው ቀን አስቁም፤ ሥራው ይቅር።» ደብዳቤውን ከአባይነሽ ቃል ጋር አጠናቅራ ለአንድ የሕክምና ታሪክ መጽሔት ሰጠች። ሁለት ባለሙያዎች መርምረውት በቀጣዩ ሚያዝያ ታተመ። በዚያው ሳምንት ላቀው የአባይነሽን ስም በራሱ እጅ አስገባው፣ ምንጩን ከነገጹ ጠቅሶ።

በግንቦት ሰልማና እስከዳር ወደ አባይነሽ ቤት ተመልሰው ወጡ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ገደሉ እስከ ታች ድረስ ይታያል። ሰልማ ከስልኳ ላይ ሙሉውን ጽሑፍ ለአባይነሽ አነበበችላት። አባይነሽ ዓይኗን ጨፍና፣ የተኛች መስላ አዳመጠች። ስሟ ሲነሣ ፈገግ አላለችም።

ሲያልቅ ዓይኗን ገለጠች። «ወንድሜንስ አነሣችሁት?»

«አላነሣነውም» አለች ሰልማ፣ አፍራ። «ስሙን እንኳ አልጠየቅንዎትም።»

«ካሣዬ ነው። ካሣዬ በሪሁን።»

እስከዳር ደብተሯን አወጣች። አባይነሽም ተደላድላ ተቀመጠችና ከተወለደበት ቀን ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።